በጉ የጠፋበት ሾርባ

በጥቁር ቀለም የተወለወለች ትንሽ የእንጨት ሳሕን በፊታችን ቀርባለች እንበል። በላይዋ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው አንድ ቁራጭ አለ። ጥቁር ነው ሲሉት ቀይ ይመስላል፤ ቀይ ነው ሲሉት ተመልሶ ይጠቁራል። ብርሃን ሲነካው ፊቱን ብቻ ያሳይና ውስጡን ይደብቃል። ከጎኑ ከቁጥቋጦ የተጠረበች አንዲት ስንጥር ተጋድማለች፤ ቢላዋውም ሹካውም እርሷ ናት። ራቅ ብሎ በጎድጓዳ የሸክላ ጽዋ ውስጥ አረንጓዴ ሻይ አረፋውን እንደ ደፋ ይጠብቃል።

ይህ ቁራጭ ዮካን ይባላል። በበራቸው ላይ የጨርቅ መጋረጃ ከሰቀሉት፣ ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት ከሚቆጠረው የኪዮቶ ጣፋጭ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ዮካን የሚገዛ ሰው የሚገዛው እጅግ ቀላል ነገር ነው። አዙኪ የተባለ ደቃቅ ቀይ ቦሎቄ ይቀቀላል፤ ይደቆሳል፤ ገለባው ይወጣለታል፤ ከዚያም ከስኳርና ከባሕር ሣር ከሚገኝ ማርጊያ ጋር በድስት ሲማሰል ቆይቶ ይረጋል፤ ይቆረጣል። ቅቤ የለበትም፤ ወተት የለበትም፤ እንቁላልም የለበትም። ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ትሰጠዋለች።

ስሙን በፊደሉ ማንበብ የሚችል ሰው ግን መገረሙ አይቀርም። ዮካን የሚጻፈው በሁለት የቻይና ምልክቶች ነው፤ የመጀመሪያው «በግ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ትኩስ ሾርባ»። የበግ ሾርባ! በጉስ የት አለ? ሾርባውስ?

ይህ ጽሑፍ ያንን የጠፋ በግ ፍለጋ የሚወጣ ነው። በጉን ስንፈልግ ሌሎች የጠፉ ነገሮችም በመንገዳችን ይገጥሙናል፤ ያልተገኘ በረዶ፣ ያልታየች ጨረቃ፣ በመጨረሻም ማንም ስም ያላወጣለት እጅ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

፨

በመጀመሪያ ስኳር አልነበረም። ጃፓኖች ጣፋጭን «ካሺ» ይሉታል፤ በጥንቱ ዘመን ግን ይህ ቃል የዛፍ ፍሬ ማለት ነበር። በ712 የተጻፈው ኮጂኪ የተባለው ጥንታዊ የታሪክ መጽሐፍ ስለ አንድ መልእክተኛ ይተርካል። ንጉሠ ነገሥት ሱይኒን ታጂማሞሪ የተባለውን አገልጋያቸውን መዓዛው የማይጠፋ ፍሬ ፈልጎ እንዲያመጣላቸው ከባሕር ማዶ ወዳለችው ሞት ወደሌለባት አገር ይልኩታል። ታጂማሞሪ ብዙ ደክሞ፣ ከብርቱካን ወገን የሆነውን ያን ፍሬ ከነቅርንጫፉ ይዞ ሲመለስ ንጉሡ ሞተው ተቀብረው ያገኛቸዋል። የፍሬውን እኩሌታ ለንግሥቲቱ ሰጥቶ፣ እኩሌታውን በመቃብሩ ደጅ አኑሮ፣ እያለቀሰ በዚያው ሞተ። ጃፓኖች ዛሬ የጣፋጭ አምላክ አድርገው የሚያከብሩት ይህን ሰው ነው።

ልብ እንበል፤ የጃፓን ጣፋጭ ታሪክ የሚጀምረው በድግስ ሳይሆን በዘገየ መልእክተኛ ነው። ፍሬው መጣ፤ የሚበላው ግን አልነበረም።

ስኳር ራሱ ወደዚያች አገር ሲገባ በጣፋጭነት አልገባም፤ በመድኃኒትነት እንጂ። በ756 ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው እቴጌ ኮምዮ ናራ ከተማ ለሚገኘው ለታላቁ የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ 60 ዓይነት መድኃኒት በስጦታ አገቡ። የመድኃኒቶቹ ዝርዝር እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ ከመካከላቸውም አንዱ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በሚዛን ተለክቶ የተቀመጠ፣ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ብርቅ ነገር ነበር።

እስከዚያው ድረስ መኳንንቱ ጣዕም የሚፈልጉት ከሌላ ቦታ ነበር። በክረምት የሐረግ ግንድ እየቆረጡ ጭማቂውን ያንጠባጥቡና እስኪወፍር ያፈሉታል፤ ይህ አማዙራ ይባላል። በ1000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በቤተ መንግሥት ታገለግል የነበረችው ደራሲዋ ሴይ ሾናጎን፣ «የትራስ መጽሐፍ» እየተባለ በሚጠራው ድርሰቷ ውስጥ የከበሩና ያማሩ ነገሮችን ስትዘረዝር፣ በአዲስ የብረት ጽዋ ውስጥ ተፍቆ አማዙራ የፈሰሰበትን በረዶ ከእነርሱ ጋር ቆጥራዋለች። በሺህ ዓመት ርቀት ላይ ሆነን እንኳ ያ ቅዝቃዜ ምላሳችንን ይነካዋል። ያንን በረዶ ግን ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ ያለ ሕዝብ አይቀምሰውም ነበር። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

፨

አሁን ወደ በጋችን። የበግ ሾርባው በቻይና እውነተኛ የበግ ሾርባ ነበር፤ ሲቀዘቅዝም እንደ መረቅ ሁሉ የሚረጋ። በ13ኛውና በ14ኛው ምዕተ ዓመት የዜን መነኮሳት በቻይናና በጃፓን መካከል ሲመላለሱ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከሻይ ጋር የምግቦችንም ስም ይዘው መጡ። መነኮሳቱ ግን ሥጋ አይበሉም። ታዲያ ምን ያድርጉ? ስሙን ጠብቀው በጉን አወጡት። ቦሎቄውን ከዱቄት ጋር ለውሰው፣ ሥጋ አስመስለው ቀርጸው፣ በእንፋሎት አብስለው በሾርባው ውስጥ ጨመሩት። ዘመን ሲያልፍ ሾርባው ቀረ፤ የቦሎቄው ቁራጭ ብቻ ተረፈ። እነሆ፣ በግ የሌለበት በግ፣ ሾርባ የሌለበት ሾርባ።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ሊስቅ አይገባውም። በዐቢይ ጾም ወራት ከእናቶቻችን ጓዳ የሚወጣውን የሽምብራ ዓሣ እናስታውስ። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ አምሳል ተቆርጦ፣ ተጠብሶ በወጥ ውስጥ ይገባል፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ዓሣ። ጾም በየአገሩ ሞልቶ ያልጠገበ ሆድ ብቻ ሳይሆን ብልሃተኛ እጅም ያፈራል። የተከለከለው ነገር ሲሄድ ቅርጹንና ስሙን ጥሎ ይሄዳል፤ ሰውም በዚያ ባዶ ቅርጽ ውስጥ ያለውን ያኖርበታል።

ማንጁ የተባለው ለስላሳ እንፉቅ ዳቦም ታሪኩ እንዲሁ ነው። በ1349 ከአንድ የዜን መነኩሴ ጋር ከቻይና የመጣው ሪን ጆኢን ናራ ከተማ ተቀምጦ፣ በአገሩ ሥጋ የሚሞላውን ዳቦ መነኮሳቱ ይበሉት ዘንድ በቦሎቄ ሞላው ይባላል። በጉም፣ አሣማውም በአንድ በር ወጡ፤ በዚያው በር ቀይ ቦሎቄ ገባ። እስከ ዛሬም የጃፓን ጣፋጭ ልብ ይኸው ቦሎቄ ነው።

ከዚህ በኋላ ሻይ መጣ ማለት አይደለም፤ ሻይ አስቀድሞ ነበረ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ግን ሻይ መጠጣት ሥርዓት ሆነ። የዚህ ሥርዓት ታላቁ መምህር ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) ለእንግዶቹ ያቀርብ የነበረው ምን እንደ ነበር በስሙ በተላለፉት የሻይ ግብዣዎች መዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጠበሰ የዱር ፍሬ፣ እንጉዳይ፣ የባሕር ሣር፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከስንዴ ሊጥ በስሱ ተጋግሮ የተጠቀለለ ቂጣ። የእኛን የቡና ቁርስ ይመስላል፤ ቆሎ፣ አምባሻ፣ ያለው ነገር። መራራው ጽዋ ጌታ ነው፤ ከጎኑ የሚቀርበው አጃቢ። ያ አጃቢ አንድ ቀን ራሱ ጌታ ይሆናል ብሎ ሪክዩ ያሰበ አይመስልም።

፨

በ1543 ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ በተባለች ደሴት ደረሱ። ከእነርሱ ጋር ጠመንጃ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ወንጌል መጣ፤ ስኳርም መጣ። በ1569 ሉዊስ ፍሮይስ የተባለው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ፣ በዚያን ጊዜ አገሪቱን በሰይፍ እየጠቀለለ ከነበረው ከኦዳ ኖቡናጋ ፊት ሲቀርብ፣ ካበረከተው እጅ መንሻ አንዱ በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ «ኮንፌይቶ» ነበር፤ እንደ ኮከብ ዙሪያውን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ደቃቅ የስኳር ፍሬ። ጃፓኖች ኮንፔይቶ አሉት፤ ዛሬም ይሉታል። ስንት ከተማ ያቃጠለው ያ የጦር አለቃ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ እነዚያን ትንንሽ ከዋክብት ሲመለከት ምን ተሰማው ይሆን?

ፖርቱጋሎች በ1639 ከአገር ተባረሩ፤ ሃይማኖታቸውም ታገደ። ስንዴ፣ እንቁላልና ስኳር የሚገባበት ካስቴላ የተባለው ኬካቸው ግን ናጋሳኪ ቀረ፤ የአገር ልጅም ሆነ። የጣፋጭ ነገር ልማዱ ይህ ነው፤ እንግዳው ሲባረር እርሱ በጓዳ በኩል ይቀራል።

ከዚያ ወዲያ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ከአውሮፓውያን ወገን በጃፓን ምድር እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ከ1641 ጀምሮ ናጋሳኪ ወደብ ባለችው በዴጂማ ትንሽ ደሴት ታጥረው ተቀመጡ። የእነርሱና የቻይናውያን መርከቦች የጃቫን፣ የታይዋንንና የደቡብ ቻይናን ስኳር እያመጡ ብሩንና መዳቡን ጭነው ይመለሱ ነበር። ስኳሩ ከናጋሳኪ እየተነሣ በየብስና በባሕር ወደ ኦሳካ፣ ወደ ኪዮቶና ወደ ኤዶ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ሁሉ የየራሳቸውን ጣፋጭ ወለዱ። የአገሩ ብር በምላስ ላይ እየቀለጠ ማለቁ ያሳሰበው ሾጉን ዮሺሙኔ (በሥልጣን የቆየው ከ1716 እስከ 1745) ሸንኮራ አገዳ በአገር ውስጥ እንዲተከል አጥብቆ ያበረታታ ነበር።

፨

ስኳሩ ሲበዛ ጥበቡም በዛ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የኪዮቶ ጣፋጭ ሠሪዎች ለቤተ መንግሥት፣ ለመኳንንትና ለሻይ መምህራን የሚሆን አዲስ ዓይነት ጣፋጭ ሠሩ፤ በቅርጹ አበባን፣ ወንዝን፣ ቅጠልን የሚመስል። ቶራያ የተባለው፣ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት ሲያቀርብ የኖረው ጣፋጭ ቤት፣ በ1695 የተሣለ የናሙና መጽሐፍ እስከ ዛሬ ጠብቆ ይዟል። ደንበኛው ሥዕሉን እያየ ያዝዛል። በእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ ደግሞ ስም አለ፤ ስሞቹም ከግጥም፣ ከወቅት፣ ከጥንት ታሪክ የተቀዱ ናቸው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ጆሮውን ማቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጣፋጩ ከአፍ በፊት በጆሮ ይበላል።

አንድ ምሳሌ እነሆ። በየዓመቱ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ በጸደይና በመከር፣ ጃፓኖች ለሙታን ወገኖቻቸው የሚያቀርቡት አንድ ጣፋጭ አለ። የተቀቀለ ሩዝ ክብ ሆኖ ይጠቀለልና በጣፋጭ ቦሎቄ ይሸፈናል። በጸደይ ሲሠራ በዚያ ወራት በሚያብብ አንድ አበባ ስም ቦታሞቺ ይባላል፤ በመከር ሲሠራ በሌላ አበባ ስም ኦሃጊ ይባላል። በበጋና በክረምትስ? በበጋ «የሌሊት ጀልባ»፣ በክረምት «የሰሜን መስኮት» ይባላል።

ሩዝና ቦሎቄ ከጀልባና ከመስኮት ጋር ምን አገናኛቸው? ምስጢሩ እንዲህ ነው። ሌላው የሩዝ ጣፋጭ በሙቀጫ ሲወቀጥ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል። ይህኛው ግን በዝግታ ይደመሰሳል እንጂ አይወቀጥም፤ ስለዚህ ጎረቤት መቼ እንደ ተወቀጠ አያውቅም። በጃፓንኛ «ጹኪ» የሚለው ድምፅ መውቀጥ ማለት ነው፤ መድረስም ማለት ነው፤ ጨረቃም ማለት ነው። «ጹኪ ሺራዙ» ብሎ የሰማ ሰው «መወቀጡ ያልታወቀ» ሊል ይችላል፤ «መድረሱ ያልታወቀ» ሊልም ይችላል፤ «ጨረቃን የማያውቅ» ሊልም ይችላል። በጨለማ ወደብ የሚገባ ጀልባ መድረሱ አይታወቅም፤ በሰሜን በኩል የተከፈተ መስኮትም ጨረቃን አያውቅም።

ይህንን እኛ ምን እንለዋለን? ሰምና ወርቅ አይደለምን? በዚያ አገር ሰሙ የሚበላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በግንቦት ወር አካባቢ ጣፋጭ ቤቶች ካራጎሮሞ የሚሉትን ያወጣሉ፤ «በቻይና ወግ የተሰፋ ልብስ» ማለት ነው። ከወይን ጠጅ ቀለም ስስ ሊጥ ተጣጥፎ ሲያዩት አበባ ነው፤ ውኃ ዳር የሚበቅል አበባ። ስሙ የመጣው «ኢሴ ሞኖጋታሪ» በተባለው ጥንታዊ ድርሰት ውስጥ ካለ ግጥም ነው። ገጣሚው ከአገሩ ርቆ ሲሄድ ከአንድ ረግረግ ዳር አርፎ፣ የዚያን አበባ ስም በአምስቱ ስንኞች መጀመሪያ ፊደል በፊደል ደብቆ፣ ትቷት የመጣትን ሚስቱን እያሰበ ይገጥማል፤ አብረውት ያሉትም ያለቅሳሉ። የቤት ራስ እያነበበ የስም ፊደል ሲለቅም ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር፣ ሺህ ዓመት ያለፈው የናፍቆት ግጥም ዛሬ በወረቀት ሣጥን ተጠቅልሎ ከሱቅ መሸጡ ነው።

ያንን የቤተ መንግሥት በረዶ አንመለስበትም እንዳልተባለ፤ እንመለስ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን የኪዮቶ ሰው ሚናዙኪ የሚባል ጣፋጭ ይበላል። ነጭ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ በላዩ ቀይ ቦሎቄ የተነጠፈበት ነው። ነጩ ሦስት ማዕዘን የበረዶ ስባሪ ነው። በጥንት ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ከተራራ ጉድጓድ በረዶ ይወርድ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በበጋ በረዶ ከየት አምጥቶ? ስለዚህ በረዶ የሚመስል ነገር ሠርቶ በላ ይባላል። የጠፋው በግ በቦሎቄ እንደ ተተካ፣ የተነፈገው በረዶም በሊጥ ተተካ።

አሁን የዚህ ጥበብ ጠባይ ግልጽ ሳይሆንልን አይቀርም። የጃፓን ጣፋጭ በሳሕን ላይ የሌለውን ነገር ስም ይጠራል። በጉ የለም፤ በረዶው የለም፤ ጨረቃዋ አትታይም፤ ሚስቲቱ ሩቅ ናት። ጣፋጩ ለእነዚህ ሁሉ ስም አለው።

ስም ያላወጣለት አንድ ነገር ግን አለ።

፨

ከኪዩሹ ደሴት በስተደቡብ አማሚ የተባሉ ደሴቶች አሉ። በ1609 የሳትሱማ ገዢዎች የርዩክዩን መንግሥት በጦር ድል ሲነሡ እነዚህን ደሴቶች ቆርጠው በቀጥታ ግዛታቸው ሥር አደረጉ። ምድሩ ሞቃት ነው፤ ሸንኮራ አገዳ ይወዳል። ዘመን ሲያልፍ ሩዝ የሚዘራበት መሬት አገዳ እንዲተከልበት ተገደደ፤ ግብሩም በጥቁር ስኳር ሆነ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሳትሱማ 5 ሚሊዮን ርዮ ዕዳ ነበረበት። ዙሾ ሂሮሳቶ የተባለው ባለሥልጣን ገንዘቡን እንዲያቃና ተሾመ። ለአበዳሪዎቹ ያለ ወለድ በ250 ዓመት እከፍላችኋለሁ አላቸው፤ መክፈያውንም ከአገዳ ማሳ ፈለገ። ከ1830 ጀምሮ በሦስቱ ደሴቶች፣ በአማሚ ኦሺማ፣ በኪካይና በቶኩኖሺማ፣ የሚመረተው ስኳር በሙሉ ለገዢው ብቻ እንዲሸጥ ተደነገገ። ስኳር በስውር የሸጠ በሞት ይቀጣል ተባለ። ኋላም በደሴቶቹ ገንዘብ መያዝ ተከለከለ፤ ገበሬው ለስኳሩ የሚቀበለው ገዢው በተመነለት ዋጋ ሩዝና ዕቃ ነበር። የታዘዘበትን መጠን መሙላት ያልቻለው ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ራሱን ለባለጠጋ ያስገዛል። እንዲህ ያሉት ሰዎች ያንቹ ይባሉ ነበር። ምግብ ሲጠፋ ሰዎች መርዝ ያለበትን የሶቴጹ ተክል ደጋግመው እየዘፈዘፉ መርዙን አውጥተው ይበሉ ነበር። ያ ዘመን «የጥቁር ስኳር ሲኦል» ተብሎ በታሪክ ተጠርቷል።

ስኳሩ በመርከብ ወደ ኦሳካ ገበያ ይወጣል። ኦሳካ ለኪዮቶ ቅርብ ነው።

ከ1859 እስከ 1862 በአማሚ ኦሺማ በግዞት የተቀመጠ አንድ የሳትሱማ ሰው የደሴቲቱን ሕዝብ መከራ በዓይኑ አይቶ አዝኗል፤ ይህ ሰው ሳይጎ ታካሞሪ ነው፤ በኋላ የሜይጂ አብዮት የጦር መሪ የሆነው። በ1864 ደግሞ ቶኩኖሺማ ላይ ኢኑታቡ በተባለ መንደር ስኳር ደብቋል በሚል ጥርጣሬ የተነሣ አንድ ገበሬ ሲገረፍ፣ የመንደሩ ሰዎች ዱላ ይዘው ተነሥተው ሹማምንቱን አባረሩ። መሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ደሴቶች ተጋዙ።

ሳትሱማ ግን ዕዳውን አቃልሎ ግምጃ ቤቱን ሞላ፤ መድፍና መርከብ ገዛ። በ1868 ከቾሹ ጋር ሆኖ የሾጉኑን አገዛዝ ገለበጠ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1869፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ ተዛወሩ፤ ጣፋጭ ቤቱ ቶራያም የኪዮቶ ሱቁን ሳይዘጋ ተከትሏቸው ሄደ። አዲሲቱን ጃፓን ከወለዱት ነገሮች አንዱ ያ የአገዳ ማሳ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያ ሁሉ የአበባ፣ የጨረቃና የወንዝ ስም መካከል ግን የአገዳ ቆራጩ ስም የለም።

ፍጹም የለም ማለት ግን አይቻልም። በሺኮኩ ደሴት፣ ሳኑኪ በተባለው አገር፣ ዋሳንቦን የሚባል እንደ ሐር የለሰለሰ ፈዛዛ ስኳር ይሠራል፤ ዛሬም ምርጥ የሚባሉት ደረቅ ጣፋጮች የሚቀረጹት ከእርሱ ነው። ስለ አጀማመሩ የሚነገረው ይህ ነው። ሳኪያማ ሹኬይ (1746–1819) የተባለ ሐኪም ከአማሚ የመጣ አንድ ተሳላሚ መንገድ ላይ ታሞ ወድቆ አግኝቶ አስታመመው። ሰውዬው ሲድን ወደ ደሴቱ ተመልሶ፣ ከአገር ይወጣ ዘንድ የተከለከለውን የአገዳ ችግኝ ለነፍሱ ሳይሳሳ ደብቆ አመጣለት። ሐኪሙና ተሳላሚው ዛሬ በአንዲት ትንሽ መቅደስ አብረው ይታሰባሉ። ከዚያ ሁሉ እጅ አንዱ እጅ ስም አገኘ፤ ያገኘውም ስለ ውለታ ነው።

፨

የቀረውን በአጭሩ እንለፍ። ከምዕራብ ቅቤና ክሬም ሲመጣ የቀድሞው ጣፋጭ ለመለየት ያህል «ዋጋሺ»፣ የጃፓን ጣፋጭ፣ የሚል ስም ተሰጠው፤ ስሙ ከነገሩ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው በዚህ የተነሣ ነው። በ1895 ታይዋን የጃፓን ቅኝ ግዛት ሆነች፤ የአገዳ ማሳውም ወደዚያ ተዘረጋ፤ ስኳር ለተራው ሰው ረከሰ። ናጹሜ ሶሴኪ በ1906 ባወጣው ልቦለዱ ስለ ዮካን ውበት ጻፈ። ታኒዛኪ ጁንኢቺሮም በ1933 ስለ ጥላና ስለ ጨለማ ውበት በጻፈው ድርሰት የሶሴኪን አድናቆት አንሥቶ፣ የዮካን ቀለም የሚገባው ደብዛዛ ክፍል ውስጥ መሆኑን አስተዋለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ጨለማ መጣ። በ1940 ስኳር በትልልቆቹ ከተሞች በኩፖን መታደል ጀመረ፤ ጦርነቱ ሲከርም ከነጭራሹ ጠፋ። ጣፋጭ ሠሪው ከቼሪ እንጨት የተቀረጹ ቅርጽ ማውጫዎቹን ይዞ፣ የሚያፈስበት ነገር አጥቶ ተቀመጠ። በጉ ከሾርባው እንደ ጠፋ፣ አሁን ደግሞ ስኳሩ ከጣፋጩ ጠፋ። የስኳር ቁጥጥሩ የተነሣው በ1952 ነው። አማሚም ከጦርነቱ በኋላ ከወደቀችበት የአሜሪካ አስተዳደር ወጥታ በ1953 ወደ ጃፓን ተመለሰች፤ ጥቁር ስኳር ዛሬም እዚያ ይፈላል፤ ዛሬ ግን የሚሸጠው በባለቤቱ ዋጋ ነው።

፨

በሻይ ሥርዓት ላይ የክብር እንግዳው ጣፋጩን ከቀመሰ በኋላ ጋባዡን ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። «የዚህ ጣፋጭ ስሙ ማን ነው?» ይላል አንደኛው። «የማን ቤት ሥራ ነው?» ይላል ሁለተኛው። ጋባዡ ይመልሳል፤ እንግዳው ጎንበስ ይላል፤ ሻይ ይፈላል። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ጥያቄ በማዕድ ላይ የሚጠየቅ አይመስለኝም። መብላት ብቻ አይበቃም፤ ስሙን መጠየቅ ያሻል፤ የሠራውንም ማወቅ ያሻል።

እኔ ሦስተኛ ጥያቄ እንዲጨመር እመኛለሁ፤ «አገዳውን ማን ቆረጠው?»

ይህ የጃፓን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከኢንዶኔዥያ ማሳዎቹ የወጣው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ወንጂ ላይ ፋብሪካ ከከፈተ ወዲህ፣ እኛም በቡናችን ውስጥ የአገር ስኳር እያማሰልን ኖረናል። ሲኒው ሲዞር ቡናውን ያፈላችውን እናመሰግናለን፤ ቁርሱንም እናደንቃለን። የስኳሩን ሰው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ያቺ ጥቁር ሳሕን አሁንም በፊታችን ናት። ስንጥሯን አንሥተን ከዮካኑ ትንሽ እንቁረጥ። አይጣደፍም፤ በምላስ ላይ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መጀመሪያ ቅዝቃዜው፣ ከዚያ የቦሎቄው አፈር አፈር የሚል ጣዕም፣ በመጨረሻ ጣፋጩ። ጣፋጩ ሲመጣ ጽዋውን እናነሣለን፤ መራራው ሻይ ይከተላል። አበው ጃፓን እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በጉ የጠፋበትን ሾርባ የሚበላ ሰው፣ የጠፋውን ሁሉ እየቆጠረ ይብላ። ጣፋጩ በዚህ አይጎድልበትም፤ ስሙ ይሞላለታል እንጂ።